ሁለት ቢሊዮን ምናምን፦ የአንድ ቁጥር ዘር ማንዘር

(በቃል ያቀረብኩት ንግግር ነው። ሰሌዳ ላይ የጫርኩትን በቃላት ተክቼዋለሁ፤ የቀረውን እንደወረደ ነው የተውኩት። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን ናችሁ። ብዙ ሰላምታ ሳላበዛ አንድ ቁጥር ልጻፍላችሁ።

2,147,483,647።

እስቲ አንድ ሰው ጮክ ብሎ ያንብብልኝ። ... ሁለት ቢሊዮን፣ አንድ መቶ አርባ ሰባት ሚሊዮን፣ አራት መቶ ሰማንያ ሦስት ሺህ፣ ስድስት መቶ አርባ ሰባት። ጎበዝ። ትንፋሽ ይጨርሳል አይደል?

ፕሮግራም የምትጽፉት ገና ስጽፈው ፈገግ ብላችኋል፤ አይቻለሁ። እኔ ከዚህ ቁጥር ጋር የተዋወቅኩት በጠብ ነው። ጀማሪ እያለሁ አንድ ነገር የሚደምር ትንሽ ፕሮግራም ጻፍኩና ማታ አስነስቼው ተኛሁ። ስተኛ ድምሩ ወደ ሁለት ቢሊዮን እየተጠጋ ነበር። ጠዋት ስነሳ ከዜሮ በታች ገብቶ ጠበቀኝ። ስደምር አድሬ እንዴት ነው ዕዳ ውስጥ የምገባው? ግማሽ ቀን ኮዱን ስበረብር ዋልኩ። ኮዱ ምንም አልነበረበትም። ቁጥሩን ያስቀመጥኩበት ዕቃ ነበር የጠበበው።

ብዙ ኮምፒውተርና ብዙ ፕሮግራም ሙሉ ቁጥርን በ32 ቦታ ይይዛል። እያንዳንዱ ቦታ ወይ ዜሮ ወይ አንድ ነው። አንዱ ቦታ ለምልክት ይሄዳል፤ ከዜሮ በላይ ነው ወይስ በታች የሚለውን ለመለየት። የቀሩት 31 ናቸው። 31ዱም ቦታ አንድ አንድ ሲሆን ያ ነው የኛ ቁጥር። አንድ ስትጨምርበት ሁሉም ይገለበጡና ምልክቱ ቦታ ላይ አንድ ይቀመጣል፤ ማሽኑም የምታየው ቁጥር −2,147,483,648 ነው ይልሃል። ሳያፍር።

በ2014 መጨረሻ ዩቲዩብ ላይ የአንድ የደቡብ ኮሪያ ዘፈን ተመልካች ከዚህ ቁጥር በለጠና ቆጣሪውን በሰፊ ዕቃ መለወጥ ግድ ሆነ። ሌላም አለ። ብዙ ሲስተም ሰዓትን የሚያውቀው ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ ሰከንድ እየቆጠረ ነው፤ በ32 ቦታ የሚቆጥሩት ጃንዋሪ 19 ቀን 2038፣ በግሪንዊች ሰዓት እኩለ ሌሊት ካለፈ ከ3 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ በኋላ ይሞላሉ። ልዩነቱን ቁጠሩት፣ 68 ዓመት ነው። እንግዲህ ሰው በተወለደበት ደቂቃ መቁጠር ቢጀምርና ሳይተኛ በየሰከንዱ አንድ እያለ ቢሄድ፣ ይህን ቁጥር ሲጠራ 68 ዓመት ሆኖታል። ቢሊዮን ስንል እንዲህ ማለታችን ነው።

ይኼን አብዛኞቻችሁ ሰምታችሁት ይሆናል። ዛሬ ላወራ የመጣሁት ግን የኮምፒውተር ወሬ አይደለም። ቁጥሩ የዛሬው ዓይነት ኮምፒውተር ሳይሠራ በፊት ከመቶ ዓመት በላይ የታወቀ ዝነኛ ነበር። የታወቀበትም ምክንያት ሌላ ነው፤ ፕራይም ነው። ትምህርት ቤት ብቸኛ ቁጥር ያሉን፣ ከአንድና ከራሱ በቀር ማንም እኩል የማያካፍለው ዓይነት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላጥራ፣ ሰው ስለሚያምታታው። የኮምፒውተሩ ጣሪያ ፕራይም መሆኑ ግጥጥሞሽ ነው። ማሽኑ ፕራይም አልፈለገም። በ8 ቦታ ሲሆን ጣሪያው 127 ነው፤ ፕራይም። በ16 ሲሆን 32,767 ነው፤ እሱ ግን 7 × 31 × 151 ነው፣ ፕራይም አይደለም። በ64 ሲሆን ባለ 19 አሃዝ ቁጥር ይመጣል፤ እሱንም 7 ያካፍለዋል፣ ያውም ሁለት ጊዜ። 32 ላይ ዕድል ሰመረ ማለት ነው።

እሺ፣ ፕራይም መሆኑን በምን እናውቃለን?

ዓይን ምንም አይነግረንም። መጨረሻው 7 ስለሆነ 2 እና 5 አያካፍሉትም። አሃዞቹን ብትደምሩ 46 ይመጣል፤ 46 ደግሞ ለ3 አይካፈልም፣ ስለዚህ 3ም ወጣ። ከዚህ በኋላ ዓይን ሥራውን ጨረሰ። የቀረው ማካፈል ነው። እስከ ስንት? እስከ ስኩዌር ሩቱ ብቻ፤ ምክንያቱም ቁጥሩ ሁለት አካፋዮች ካሉት አንዱ ከስኩዌር ሩቱ መብለጥ አይችልም። ስኩዌር ሩቱ 46,340 ገደማ ነው። ከዚያ በታች ያሉት ፕራይሞች 4,792 ናቸው። በእጅ፣ በወረቀት፣ 4,792 ጊዜ ባለ 10 አሃዝ ቁጥር ማካፈል። እኔን ይቅርብኝ።

ሌዎናርድ ኦይለር የሚባለው የስዊዘርላንድ የሒሳብ ሊቅ ግን በ1772 ፕራይም መሆኑን አረጋግጦ በርኑሊ ለሚባል ሌላ የሒሳብ ሰው በደብዳቤ አሳወቀ። 65 ዓመቱ ነበር። ዓይኑም ጠፍቶ ነበር ማለት ይቻላል። 4,792 ጊዜ አላካፈለም። የሚያስቀናኝ ይሄ ነው። ቁጥሩን ከፊቱ አላየውም፤ ከየት እንደመጣ ነው ያየው።

ከየት ነው የመጣ? 2ን 31 ጊዜ ጽፋችሁ ሁሉንም አባዟቸው፣ ከዚያ አንድ ቀንሱ፦ 2³¹ − 1። በዜሮና በአንድ ሲጻፍ 31 አንዶች ብቻ ነው ያልኩት ይኸው ነው። በኛ አጻጻፍ 999 ማለት ከሺህ አንድ ሲጎድል እንደሆነ ሁሉ። እንዲህ ዓይነት ቁጥሮች የሜርሴን ቁጥሮች ይባላሉ፤ ማራን ሜርሴን የሚባል ፈረንሳዊ መነኩሴ በ1644 የትኞቹ ፕራይም እንደሆኑ ዝርዝር አውጥቶ ነበር። ዝርዝሩ ስህተት ነበረበት። ቁጥሮቹን በአንዶቻቸው ብዛት ብንጠራቸው፣ 61፣ 89 እና 107 ማስገባት ሲገባው ዘለላቸው፤ 67 እና 257 ደግሞ ያለቦታቸው ገቡ። 31 ግን ነበረችበት፣ ትክክልም ነች።

አሁን ቁጥሩን ረስታችሁ አንዶቹን ብቻ እዩ። ስድስት አንዶች ልጻፍ፦ 111111። ይህን ሦስት ሦስት አድርጌ ልከፍለው እችላለሁ፦ 111 እና 111። ስለዚህ 111111 ማለት 111 × 1001 ነው። በአሥር ቤት አጻጻፍም በዜሮና በአንድ አጻጻፍም ይሠራል፤ ቤታችሁ ሞክሩት። የአንዶቹ ብዛት እኩል ቡድን ከተሠራለት ቁጥሩ አለቀለት፣ አካፋይ አለው። 31 አንዶችን ግን እኩል ቡድን ማድረግ አይቻልም፣ 31 ራሷ ፕራይም ናትና። የመጀመሪያው ወንፊት ይኼ ነው፤ አልፋዋለች።

ወንፊቱን ማለፍ ብቻውን ግን አይበቃም፣ እዚህ ላይ ነው ብዙዎች የወደቁት። 11 ፕራይም ነው። 11 አንዶች 2,047 ናቸው። 2,047 ደግሞ 23 × 89 ነው። እና?

23ን እና 89ን ቀረብ ብላችሁ እዩአቸው። 23 ማለት 22 እና 1 ነው። 89 ማለት 88 እና 1 ነው። 22ም 88ም የ22 ብዜት ናቸው፣ 22 ደግሞ የ11 እጥፍ። ፌርማ የሚባል ፈረንሳዊ የሒሳብ ሰው በ1640 ያስተዋለው ይህንን ነው፦ ከ2 ከፍ ያለ ፕራይም ቁጥር ያህል አንዶች ከደረደርክ፣ አካፋይ ካለው አካፋዩ የዚያ ፕራይም እጥፍ ብዜት ሲደመር አንድ መሆን አለበት። ሌላ ምርጫ የለም። ለ31 እጥፉ 62 ነው። ስለዚህ አካፋይ ካለ ከ63፣ 125፣ 187፣ 249፣ 311 እያለ ከሚሄደው ሰልፍ ውስጥ ነው።

ኦይለር ሁለተኛ ወንፊት ጨመረበት። አካፋዩ ለ8 ሲካፈል ቀሪው 1 ወይም 7 መሆን አለበት። 23ን ለ8 አካፍሉት፣ ቀሪው 7። 89ን አካፍሉት፣ ቀሪው 1። ሁለቱን ወንፊት ደርባችሁ ስታነፉ ከየአራቱ ሁለቱ ብቻ ይቀራሉ፦ ከ248 ብዜት በ1 የሚበልጡና በ63 የሚበልጡ። እስከ 46,340 ድረስ ብትቆጥሯቸው፣ 63ን ራሷን ትታችሁ፣ 372 ናቸው። ከነዚያም ብዙዎቹ ራሳቸው ፕራይም ስላልሆኑ ይወድቃሉ። 249 ለ3 ይካፈላል። 497 ማለት 7 × 71 ነው። 559 ማለት 13 × 43። 745 ለ5። የመጀመሪያዋ እውነተኛ ተጠርጣሪ 311 ናት። ሰሌዳው ላይ አካፈልኩላችሁ፦ 6,905,092 ደርሶ 35 ቀረ። ነፃ ናት። ቀጣይዋ ፕራይም 1,303 ናት፤ 1,648,107 ደርሶ 226 ቀረ። እሷም ነፃ። እንዲህ እየተባለ የሚያልቀው ከመቶ በማያንሱ ማካፈሎች ነው ወይስ በሚያንሱ? በሚያንሱ! ከመቶ ባነሱ ማካፈሎች ጉዳዩ አለቀ። ከ4,792 ወደ ከመቶ በታች።

እኔ ሒሳብ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ሌብነት አላየሁም። በጥሩ ጎኑ ነው የምለው።

አንድ ሰው አሁን ፊቱን አኮሳትሮ «ዛሬስ እንዴት ነው የሚያረጋግጡት?» አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ዛሬ ማካፈል የለም። ሉካ የሚባል ፈረንሳዊ በ1870ዎቹ ጀመረው፣ ሌህመር የሚባል አሜሪካዊ በ1930 አካባቢ አቀለለው። ከ4 ተነሱ። በራሱ አባዙት፣ 2 ቀንሱ፣ የምትመረምሩት ቁጥር ላይ አካፍላችሁ ቀሪውን ያዙ። ደግማችሁ ያንኑ አድርጉ። የአንዶቹ ብዛት ሲቀነስ 2 ያህል ጊዜ። መጨረሻ ላይ ዜሮ ከመጣ ፕራይም ነው፤ ካልመጣ አይደለም። በትንሹ በ31 ላይ እንየው፣ አምስት አንዶች ናት፣ ስለዚህ ሦስት ዙር። 4 × 4 ሲቀነስ 2፣ 14። 14 × 14 ሲቀነስ 2፣ 194፤ ለ31 ሲካፈል ቀሪው 8። 8 × 8 ሲቀነስ 2፣ 62፤ ለ31 ሲካፈል ቀሪው ዜሮ። በቃ። ለኛ ቁጥር 29 ዙር ነው። ስልካችሁ ዓይናችሁን ሳትጨፍኑ ይጨርሰዋል። በ2024 የተገኘው ትልቁ የሜርሴን ፕራይም፣ 41 ሚሊዮን አሃዝ ያለው፣ ፕራይምነቱ በዚሁ ዘዴ ተረጋግጧል።

ወደ ቁጥራችን እንመለስ፤ ጎረቤቶቹን ሳላሳያችሁ አልሄድም። በቀኝ ያለችው 2,147,483,648 ሁለት ብቻ ናት፣ 31 ጊዜ። በግራ ያለችው 2,147,483,646 ደግሞ 2 × 3 × 3 × 7 × 11 × 31 × 151 × 331 ናት። 192 አካፋዮች አሏት! ሁለት ቢሊዮን የሚያህል ቁጥር፣ በየት በኩል ብትነኩት የሚሰነጠቅ። ከአጠገቡ ያለው ግን ጠጠር ነው። ቁጥሮች ሲጎራበቱ አይመሳሰሉም፣ ልጅ እያለሁ ይኼ ይገርመኝ ነበር፤ አሁንም ይገርመኛል።

ይህ ጉርብትና ሥራ ላይ ውሏል። ኮምፒውተር እንደ ዕጣ ያለ ቁጥር እንዲያወጣ ሲፈለግ አንድ ቀላል ዘዴ አለ፤ በ1988 ሁለት ሰዎች ቢያንስ ይህን ተጠቀሙ ብለው ያቀረቡት። የያዝከውን ቁጥር በ16,807 አባዛ፣ ለ2,147,483,647 አካፍል፣ ቀሪውን ያዝ። ከ1 ስትነሳ 16,807 ይመጣል። ቀጥሎ 282,475,249። ቀጥሎ 1,622,650,073። የሚከተለውን ማን ይገምታል? አካፋዩ ፕራይም ስለሆነ ቀሪው መቼም ዜሮ ሆኖ አይሞትም። 16,807 ደግሞ ተመርጦ የገባ ስለሆነ ከ1 እስከ 2,147,483,646 ያሉትን አንድም ሳይደግም፣ አንድም ሳይዘል ይዞራቸውና ወደ 1 ይመለሳል። ለምስጢር ቁልፍ እንዳትጠቀሙበት ግን፤ አንዷን ያወቀ ሁሉንም አወቀ።

ሌሎች ቤተሰቦቹን ቶሎ ቶሎ ልጥራ። ኢ-ተጋማሽ ነው፣ ይኼ ግልጽ ነው። መንትያ የለውም፤ ከሁለት በታች ያለው ለ5 ይካፈላል፣ ከሁለት በላይ ያለው ለ3። ከሜርሴን ፕራይሞች ስምንተኛው ነው።

አንዱን ግን ቆም ብለን እንየው። ይህን ቁጥር የሙሉ ቁጥሮች ስኩዌር ደምረን እናምጣው ብንል ስንት ያስፈልገናል? ላግራንዥ በ1770 ማንኛውም ሙሉ ቁጥር በአራት ስኩዌር እንደሚደመር አረጋግጧል። ብዙዎቹ በሁለት ወይም በሦስት ይበቃቸዋል። የኛ አይበቃውም። ስኩዌርን ለ8 ስታካፍሉ ቀሪው 0፣ 1 ወይም 4 ብቻ ነው፤ 1፣ 4፣ 9፣ 16፣ 25 እያላችሁ ሞክሩ። ከነዚህ ሦስቱን እንደፈለጋችሁ ደምሩ፣ 7 ቀሪ አይመጣላችሁም። የኛ ቁጥር ደግሞ ለ8 ሲካፈል ቀሪው 7 ነው፤ ከ8 ብዜት አንድ የጎደለ ነውና። ስለዚህ አራቱም ግድ ናቸው። ሁለት ቢሊዮን የሚያህል ቁጥር ላይ እንዲህ ያለ ነገር አንዲት ማካፈል ሳንሠራ ተናገርን።

ከኦይለር በኋላ ቁጥሩ ከሚታወቁት ፕራይሞች ሁሉ ትልቁ ሆኖ ለብዙ አሥርት ዓመታት ቆየ። ሌላም ማዕረግ አመጣ። 6ን አስቡ፤ ከራሱ በታች ያሉት አካፋዮቹ 1፣ 2 እና 3 ናቸው፣ ሲደመሩ 6። 28ም እንዲሁ ነው፦ 1፣ 2፣ 4፣ 7፣ 14። እነዚህ ፍጹም ቁጥሮች ይባላሉ። ዩክሊድ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት እንዳሳየው እያንዳንዱ የሜርሴን ፕራይም አንድ ፍጹም ቁጥር ይወልዳል። የኛ የወለደው 2³⁰ ተባዝቶበት ነው፦ 2,305,843,008,139,952,128። ፒተር ባርሎ የሚባል እንግሊዛዊ የሒሳብ ሰው በ1811 ከዚህ የሚበልጥ ፍጹም ቁጥር መቼም አይገኝም ብሎ ጻፈ። ምክንያቱ ደስ ይላል፤ አይቻልም አላለም፣ ለምንም ስለማይጠቅሙ ማንም አይደክምባቸውም ነው ያለው። ዛሬ ከሃምሳ በላይ ናቸው። ሰው ለማይጠቅም ነገር ምን ያህል እንደሚደክም አልገባውም ነበር።

መጨረሻ ላይ የመጣችው ጥያቄ ይቺ ነበረች፦ «31 ራሷ አምስት አንዶች ናት፣ 5 ደግሞ ፕራይም። ከ5 ወደ 31፣ ከ31 ወደ 2,147,483,647 ከሄድን፣ ለምን አንቀጥልም? 2,147,483,647 አንዶች ብንደረድርስ?»

መጀመሪያ መጠኑን እንወቅ። 2ን 2,147,483,647 ጊዜ አባዝታችሁ አንድ ብትቀንሱ የሚመጣው ቁጥር ከ646 ሚሊዮን አሃዝ በላይ አለው። ጽፎ ማየት የሚባል ነገር የለም። የሉካንና የሌህመርን ዘዴ ልሞክር ብትሉ ከሁለት ቢሊዮን በላይ ዙር፣ እያንዳንዱ ዙር በዚያ ግዙፍ ቁጥር ላይ። እርሱት።

ግን መልሱ ይታወቃል። ፕራይም አይደለም። አካፋዩ 295,257,526,626,031 ነው።

ሰሌዳው ላይ ስጽፈው አንዳንዶቻችሁ ስልካችሁን አወጣችሁ፤ ትክክል ናችሁ፣ አውጡ። አንድ ቀንሱለት። ከዚያ ለ2,147,483,647 እጥፍ፣ ማለትም ለ4,294,967,294 አካፍሉት። 68,745 ይመጣል፣ ያለ ቀሪ። ፌርማ በ1640 አካፋዩ መቆም ያለበት እዚህ ሰልፍ ላይ ነው ብሎ ነበር፤ 68,745ኛው ላይ ቆሞ ተገኘ። የኦይለርን ወንፊት ደግሞ በአእምሯችሁ ሞክሩ። ለ8 ሲካፈል ቀሪውን ለማወቅ የመጨረሻዎቹ ሦስት አሃዞች ይበቃሉ፦ 031። 31 ሲቀነስ 24፣ 7።